ፈተና ላይ የማይመጣ ንባብ

«ቲቸር፣ ይሄ ፈተና ላይ ይመጣል?»

ማስተማር ከጀመርኩ ወዲህ የዚህን ያህል አዘውትሬ የሰማሁት ጥያቄ የለም። አዲስ ምዕራፍ ስጀምር ይጠየቃል። ምሳሌ ሠርቼ ስጨርስም ይጠየቃል። በቀደም ስለ ዜሮ ትንሽ ላጫውታችሁ ብዬ ቾኩን አስቀመጥኩ። ከሕንድ እንደመጣ፣ ሮማውያን ያለ ዜሮ ይቆጥሩ እንደነበር፣ የኛው የግእዝ ቁጥርም ዜሮ እንደሌለው። ከኋላ ወንበር አንዱ እጁን ሲያወጣ ደስ አለኝ። ያው ጥያቄ ነው። «አይመጣም» አልኩት። እስክሪብቶውን ከደነና ክንዱን ተንተርሶ ጋደም አለ።

አልፈርድበትም። የ2014 የ12ኛ ክፍል ፈተና ለመጀመሪያ ጊዜ በዩኒቨርሲቲ ግቢዎች ሲሰጥ፣ ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። በቀጣዩ ዓመት 3.2። በ2016 ወደ 5.4 ሲያድግ ሰው ሁሉ እፎይ ያለ መሰለ። ይህን ቁጥር እራት ላይ እየሰማ ያደገ ልጅ በጊዜው ቢሰስት ምን ይገርማል?

የሚገርመኝ ጥያቄው ከክፍል ወጥቶ እኔኑ መከተሉ ነው። መጽሐፍ ይዤ ያየኝ ሰው ሁሉ በሌላ አማርኛ ያንኑ ይጠይቀኛል። «ማስተርስ ጀመርሽ እንዴ?» «ልቦለድ? ምን ይጠቅምሻል?» ቆሜ ላስረዳ ብሞክር ታክሲ ያመልጠኛል። ስለዚህ እዚህ ልጻፈው።

የምኖረው ከከተማው ዳር ካሉት ኮንዶሚኒየሞች በአንዱ ነው። የማስተምረው መሀል አዲስ አበባ፣ የመንግሥት ሁለተኛ ደረጃ፣ ዘጠነኛ ክፍል ሒሳብ። ሳይነጋ እነሳለሁ። ሁለት ሰዓት ላይ ሰንደቅ ዓላማ ይሰቀላል። ያረፈደ ተማሪ በር ላይ ይቀራል፤ ያረፈደ አስተማሪ ስሙ ፊት ለፊት ቀይ ይሰመርበታል። ከዚያ አርባ ደቂቃ፣ ደወል፣ አርባ ደቂቃ፣ ደወል። አንድ ክፍል ውስጥ ከ60 የማያንስ ልጅ አለ። ሰሌዳው ላይ በእንግሊዝኛ እጽፋለሁ፣ በአማርኛ አስረዳለሁ፣ እነሱም በሁለቱ መሀል ያገኙትን ደብተራቸው ላይ ያሰፍራሉ። መጨረሻው ክፍለ ጊዜ ላይ ድምፄ ይዘጋል። ነጭ ጋዋን ለምን እንደሚለበስ የገባኝ መጀመሪያ ሳምንት ላይ ነው፤ ቾክ የማይገባበት ቦታ የለም።

አስተማሪ ቀኑን ሙሉ ሲያነብ የሚውል ሰው ነው። ይህን ማንም አይቆጥርለትም። ቴስት ያነባል፣ አሳይመንት ያነባል፣ ሚድ ያነባል፣ ፋይናል ያነባል። ግሩፕ ወርክም ያነባል፤ አንዱ ሠርቶ ስድስቱ ስማቸውን የጻፉበትን። ከዚያ በላይ ደግሞ ዓመታዊ ዕቅድ፣ ሳምንታዊ ዕቅድ፣ ዕለታዊ ዕቅድ አለ፤ የዲፓርትመንት ኃላፊ ይፈርምበታል። ፈተና ሳርም ያንኑ ስህተት በተለያየ የእጅ ጽሑፍ ደጋግሜ አነባለሁ። የመቀነስ ምልክት ጠፍቶ፣ ካሬው ተረስቶ። አንዳንዴ ወረቀቱ ጀርባ ላይ የሚገኘው ነገር ከፊቱ ይሻላል። «ቲቸር በናትሽ አትጣዪኝ፣ እናቴ አሟታል።» የዚህ ልጅ ወረቀት እስካሁን ከአእምሮዬ አልወጣም። ማርክ ሊስቱ ግን ለእናት የተመደበ ቦታ የለውም።

ይህን ሁሉ ያነበበች ዓይን ማታ ሌላ ፊደል ማየት ያስጠላታል። የሥራ ባልደረቦቼ ለዚህ ነው ማንበብ ያቆሙት። ሰነፎች ስለሆኑ አይደለም። ከእኔ በላይ ያነበቡ አሉ፤ ዩኒቨርሲቲ እያሉ መጽሐፍ ተሰልፈው ይዋሱ የነበሩ። ስታፍ ውስጥ ዛሬ የሚወራው ዕቁብ፣ የቤት ኪራይ፣ ከትምህርት ቤት ወደ ትምህርት ቤት ዝውውር ነው። ሮስተር የሚሠራበት ሳምንት ላይማ ወሬም የለም።

እኔን ያተረፈኝ የታክሲ ሰልፍ ነው። ሌላ ምክንያት ፈልጌ አጥቻለሁ። ጠዋት ሰልፉ ረጅም ነው፣ ስልክ ማውጣት ደግሞ አያስተማምንም፤ የኪሱን ሌባ ማን ያውቀዋል። መጽሐፍ ግን ማንም አይሰርቅም። ቆሜ ሦስትና አራት ገጽ አነባለሁ፣ ሰልፉ ሲንቀሳቀስ አብሬ እንቀሳቀሳለሁ። ማታ ስመለስ ይጨልማል፣ ታክሲ ውስጥ መብራት የለም፤ ያኔ በጆሮ ማዳመጫ ትረካ እሰማለሁ። ወላጆቻችን ሬዲዮ ዙሪያ ተሰብስበው ወጋየሁ ንጋቱ «ፍቅር እስከ መቃብር»ን ሲተርክ የሰሙ ናቸው። እናቴ መጽሐፉን ገልጣ አታውቅም፣ ግን ጉዱ ካሳ የተናገረውን በቃሏ ትለዋለች። እሷ አላነበበችም የሚል ሰው ካለ ከእኔ ጋር ይጣላል።

ስለዚያ መጽሐፍ ካነሳሁ አይቀር፣ በ1958 ታትሞ እስከ ዛሬ ሰው የሚያነሳው ያ አፍቃሪ፣ በዛብህ፣ ሰብለ ወንጌልን ያገኛት ሊያስተምራት ገብቶ እኮ ነው። ሐዲስ ዓለማየሁ ራሳቸውም በወጣትነታቸው አስተምረዋል። ይህን ስታፍ ውስጥ ስናገር ወንዶቹ በጣም ደስ አላቸው። አንዱ «እና የኔ ሰብለ የት አለች?» አለ። የበዛብህን መጨረሻ አላነበበም ማለት ነው። አልነገርኩትም።

ይኸው ሰው ነው አንድ ቀን «አንቺ፣ የሒሳብ አስተማሪ ሆነሽ ምን ልቦለድ ውስጥ ያስገባሻል?» ያለኝ። «የአማርኛዎቹ ሮስተር ይዟቸው ነው፣ ተክቼያቸው ነው» ብዬ አለፍኩት።

ቁም ነገሩን ልናገር ካልኩ የምለው አላጣም። ልጆቼ እኩልታ ሲሰጣቸው ይፈታሉ። ያንኑ እኩልታ በታሪክ መልክ ሲያገኙት ይጠፋባቸዋል። አንድ ገበሬ ከማሳው ሲሶውን ስንዴ ዘራ፣ ከቀረው ግማሹን ጤፍ ዘራ፣ ሁለት ሄክታር ተረፈው፣ ማሳው ስንት ነው? ክፍሉ ግማሽ ያህሉ ያየውን ቁጥር ሁሉ ይደምራል። በእንግሊዝኛ ስለሆነ ነው ብዬ በአማርኛ ጻፍኩላቸው። ብዙም አልተለወጠም። «ከቀረው» የምትለዋን አልፈዋት ይሄዳሉ። ችግሩ ሒሳብ ላይ አይደለም፤ ዓረፍተ ነገሩን እስከ መጨረሻው አብሮ የመሄድ ትዕግሥት ላይ ነው። ልቦለድ የሚያነቡት ጥቂት ልጆች ደግሞ እዚህ ቦታ ላይ አይወድቁም። ይህን በየስብሰባው ባነሳ ንባቤ ወዲያው ይከበርልኝ ነበር።

አላነሳውም። ምክንያቱም ከዚያ በኋላ ልቦለዱ የሒሳብ መለማመጃ ሊሆን ነው።

ትምህርት ቤታችን ቤተ መጻሕፍት ግድግዳ ላይ በትልቁ «ማንበብ ሙሉ ሰው ያደርጋል» ተብሎ ተጽፏል። አንባቢዬ የተማረበት ትምህርት ቤት ግድግዳ ላይም እንዳለ እገምታለሁ። ይህ መፈክር ከጠቀመው የጎዳው ይበልጣል ብዬ ብናገር የሚቆጣ ይኖራል። ግን እስቲ በ15 ዓመት ልጅ ዓይን እዩት። ያላነበብክ ጎዶሎ ነህ እያለው ነው። ማንበብ እንደ ኮሶ ተደርጎ ቀረበለት፤ ይመርራል፣ ግን ጠጣው፣ ይበጅሃል። በሩን ቢከፍት ውስጥ የሚያገኘው በሲባጎ የታሰረ የድሮ ሥርዓተ ትምህርት መጽሐፍ ነው። እዚያም ቁልፉን የያዘችው ሴትዮ ከመጣች ነው። ምስኪን፣ እሷም ሌላ ሁለት ሥራ ተደርቦባት ነው የምትጠፋው።

አራት ኪሎ ያለው አብርሆት ቤተ መጻሕፍት በ2014 ታኅሣሥ ሲከፈት ደስ ካላቸው ሰዎች አንዷ ነኝ። ቅዳሜ እሄዳለሁ። ወንበር ማግኘት ከባድ ነው፤ ይህ ራሱ የሚያስደስት ነገር ነው። ግን የተቀመጠው ልጅ ሁሉ ፊቱ የተዘረጋው የራሱ ደብተር ነው። ለፈተና ነው የሚያጠናው። ቤቱ ጠባብ ነው፣ መብራት ይጠፋል፣ እዚህ ብርሃንና ጸጥታ አለ። ትክክለኛ ምክንያት ነው። መደርደሪያው ላይ ያሉት መጻሕፍት ግን ብዙ ጊዜ ማንም ሳይነካቸው ሲውሉ አያለሁ።

መጽሐፍ መግዛት ድሮ ቀላል ነበር አልልም፤ ዛሬ ግን ከብዷል። ወረቀት ሲወደድ አዲስ ልቦለድ ብዙ መቶ ብር ገባ። አንድ መጽሐፍ ከአንድ ሳምንት የታክሲ ሒሳብ ጋር ይነጻጸራል፣ ታክሲው ደግሞ አይቀርም። ስለዚህ ያገለገለ ነው የምገዛው። ለገሃርና ብሔራዊ ቴአትር አካባቢ፣ ሜክሲኮ፣ አራት ኪሎ። ከኮሪደር ልማቱ ወዲህ የለመድኳቸው ጥጎች ብዙዎቹ ጠፍተዋል፤ ሻጮቹ ግን ክንዳቸው ላይ እስከ አገጫቸው ቆልለው ይዞራሉ። ሰው የሚመዝኑበት ዓይን አላቸው። እኔን ሲያዩ ስለ ስኬት የተጻፈ ነገር ነው መጀመሪያ የሚያወጡት። «እቺን ያነበበ ሕይወቱ ተቀይሯል!» ይሉኛል። የሚቀየር ነገር አልፈልግም፣ ወንጀል ያለበት ስጠኝ ስላቸው ግራ ይገባቸዋል። ከዚያ ከሥር ይጎትታሉ። የሲድኒ ሼልደን ትርጉም፣ ማሞ ውድነህ የተረጎሟቸው የስለላ ታሪኮች፣ የኩራዝ አሳታሚ የድሮ ኅትመቶች፤ ጀርባቸው ላይ የታተመው ዋጋ ጥቂት ብር ከሳንቲም ነው። ዋጋውን ጠቁሜ በዚህ ሽጥልኝ ብዬ መቀለድ እወዳለሁ። አንዱም ስቆ አያውቅም።

እነዚህን ነው ትምህርት ቤት ይዤ የምሄደው። ባዶ ክፍለ ጊዜ ሲኖረኝ ከሜዳው ዳር ዛፍ ሥር ተቀምጬ አነባለሁ። ተማሪዎቼ መጀመሪያ ዕቅድ የማዘጋጅ መስሏቸው ነበር። አንዷ፣ ክፍል ውስጥ ድምፅዋ የማይሰማ፣ በእረፍት ሰዓት መጥታ አጠገቤ ቆመች። ሽፋኑ ላይ ደም የነካው ጓንት ተስሏል።

«ቲቸር፣ ይሄ ምንድነው?»

«ሰው ተገድሎ ነው።»

«ማን ነው የገደለው?»

«ገና አልደረስኩበትም።»

«ስትጨርሺ ትሰጪኛለሽ?»

ልብ በሉ፣ ፈተና ላይ ይመጣል ወይ ብላ አልጠየቀችም።

ሰጠኋት። እሷ ለጎረቤቷ ሰጠች። ጎረቤቷ ለወንድሟ፣ ወንድሟ ከሰዓት ፈረቃ ላለ ጓደኛው። መጽሐፉ ሲመለስልኝ ሽፋን የለውም፣ አንዱ ገጽ ላይ ሽሮ ጠብ ብሎበታል፣ ጠርዙ ላይ ደግሞ በእርሳስ «ገዳዩ ሹፌሩ ነው!!!» ተብሎ ተጽፏል። የመጨረሻውን አንባቢ ደስታ የገደለውን ተማሪ እየፈለግኩ ነው። አሁን የማርክ ሊስቴ የመጨረሻ ገጽ ላይ የተዋሰና የመለሰ እጽፋለሁ። የጠፋ አለ። የጠፋውን መጽሐፍ ሰው እያነበበው ከሆነ ጠፋ አይባልም። ካላነበበው ያናድዳል።

ስለ ምን እንደሚያነቡ ምርጫ አላደርግም። አንዳንድ ወላጅ ቢያይ ደስ የማይለው የፍቅር ታሪክም አለበት። ትልልቆቹን ሥራዎች ለምን አትሰጫቸውም የሚለኝ የአማርኛ አስተማሪ ባልደረባዬ ነው። ትክክል ሊሆን ይችላል። ግን ጥሩ መጽሐፍ የሚለየው ብዙ መናኛ ያነበበ ሰው ነው ብዬ አምናለሁ። እኔም በመናኛው ነው የመጣሁት።

ፎቃችን ላይ ጡረታ የወጡ የጂኦግራፊ መምህር አሉ። ጋሼ ነው የምላቸው። እሑድ ከሰዓት ቡና ሲፈላ ይጠሩኛል። ስለ ተማሪዎቼ ስነግራቸው ይስቃሉ፣ ከዚያ የራሳቸውን ያመጣሉ። በ1971 ሐምሌ የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ሲጀመር ከመምህራን ማሠልጠኛ የወጡ ወጣት ነበሩ። ዘመቻው በ15 ቋንቋዎች ያስተማረ፣ ዩኔስኮም የሸለመው ነው። እሳቸው ግን ስለ ሽልማቱ ብዙም አያወሩም። የሚያወሩት ስለ አንዲት ሴትዮ ነው።

«ልጄ፣ መጽሐፉ ስለ ምርት፣ ስለ ጤና ነበር» አሉኝ። «ጥሩ ነገር ነው የተጻፈው። ሴትዮዋ ግን ፊደሉን ቶሎ ቶሎ ነበር የምትፈልገው። ምን አስቸኮላት ብዬ ብጠይቃት፣ ልጇ ወታደር ነው። የሚልከውን ደብዳቤ የምታስነብበው ለጎረቤት ልጅ ነበር። ልጁ የሆነ ነገር እየዘለለ ያነባል ብላ ጠርጥራለች።»

«ይዘል ነበር እንዴ ጋሼ?»

«ይዘል ነበር። እንዳታዝን ብሎ። ማንበብ የቻለች ዕለት የድሮዎቹን ሁሉ አውጥታ እንደ አዲስ ጀመረች።»

ስለ «ኦሮማይ»ም የነገሩኝ እሳቸው ናቸው። በዓሉ ግርማ በ1975 አሳትሞት ብዙም ሳይቆይ ከገበያ ተሰበሰበ፤ በ1976 ደግሞ ደራሲው ራሱ ከቤቱ እንደወጣ ቀረ። ጋሼ መጽሐፉን ያገኙት ለአንድ ሌሊት ነው፣ ጠዋት ለሌላ ሰው ሊመለስ። በር ዘግተው፣ ብርድ ልብስ መስኮቱ ላይ ሰቅለው አነበቡት። በማግስቱ ክፍል ገብተው የአባይን ገባሮች ሲያስተምሩ ሁለቱን ረሱ። ይህን ሲነግሩኝ ከአርባ ዓመት በላይ ያለፈው ነገር አይመስልም፣ ይጣደፋሉ።

በዚያው ዘመን ገጣሚው ነቢይ መኮንን ማዕከላዊ ታስሮ አንድ ወፍራም የአሜሪካ ልቦለድ በሲጋራ ፓኮ ወረቀት ላይ ወደ አማርኛ ሲመልስ ነበር። በኋላ «ነገም ሌላ ቀን ነው» ተብሎ ታተመ። ስለ ሌላ አገር ጦርነትና ስለ አንዲት ግትር ሴት የሚያወራ ታሪክ ነው። እስር ቤት ውስጥ ለምን ይህን መረጥክ ብሎ የጠየቀው ሰው ይኖር ይሆናል። ምን ይጠቅማል ብሎ የጠየቀው ግን ያለ አይመስለኝም።

ከዚህ ወዲያ ያለው ወሬ የዚህ ሳምንት ነው። የመጽሐፍ መዋዋሱ ጉዳይ ዩኒት ሊደራችን ጆሮ ደረሰ። ቅን ሰው ነው። በጣም ደስ ብሎት ጠራኝና ለምን ክበብ አናደርገውም አለኝ። ስሙን ሳይቀር አዘጋጅቶታል፤ «አንባቢ ትውልድ»። በሚኒ ሚዲያ ይነገራል፣ ለክፍለ ከተማ ሪፖርት ይላካል፣ ፎቶ ይነሳል። ያነበበ ተማሪ አንድ ገጽ ማጠቃለያ ጽፎ ያስገባል፣ አምስት ማርክም ሊያዝለት ይችላል። እንግዲህ ፈተና ላይ ሊመጣ ነው።

መደርደሪያ ቢሰጡን እንደምወድ ነገርኩት። እውነቴን ነው፣ መጽሐፎቹ በፌስታል ነው ያሉት። ማጠቃለያውና ማርኩ እንዲቀር ግን ለመንኩት። እሱም «ታዲያ ማንበባቸውን በምን እናውቃለን?» አለኝ። ገዳዩን አስቀድሞ እየነገረ የሚያስቸግር ልጅ አለ፣ በዚያ እናውቃለን አልኩት። አልሳቀም። ቅጽ አውጥቶ ሰጠኝ።

የክበቡ ስም፣ የአባላት ብዛት፣ የስብሰባ ቀን ሞላሁ። «ዓላማ» በሚለው ቦታ ላይ «ደስ እንዲላቸው» ብዬ ጻፍኩና አስገባሁ። ትናንት ከሰዓት በቀይ እስክሪብቶ ተመልሶልኛል። «ሊለካ የሚችል ዓላማ ይጻፍ።» እስከ ዓርብ ጊዜ አለኝ። ጋሼን ላማክራቸው ብዬ ነበር፤ እሳቸው ግን ሽፋን የሌለውን መጽሐፍ ከእኔ ተውሰው ግማሹ ላይ ደርሰዋል፣ ሲያዩኝ እጃቸውን ያወናጭፋሉ፣ እንዳልናገር።